በሁለት ትእዛዝ መካከል

«ወረቀቱ አይዋሽም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ቡና እርሻ፣ በካድሬው ቢሮ ውስጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ ቃል ግን ሌላ ሰው ይዞ ወደቀ፤ የማድረቂያውን ኃላፊ፣ የሸኮ ተወላጁን ሽማግሌ።

የታጠበው ቡና በአራት ትልልቅ የብረት በርሜሎች ውስጥ በየማራገቢያቸው በሚነፋ የሞቀ አየር እየተገላበጠ ይደርቃል። ሽማግሌው አንድ ፍሬ አውጥተው በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉና ደረሰ ወይም አልደረሰም ይላሉ። ከእኔ በፊት አየሩን የሚዘጉት በገዛ እጃቸው ነበር። እኔ ውጭ አገር ተምሬ፣ ያን ጊዜ ብርቅ የነበረ ትንሽ ኮምፒውተር ይዤ መጣሁና ሥራውን ለማሽን ሰጠሁት። እሳቸው ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ተቀብሎ ማራገቢያውን አቁሞ አየሩን ይዘጋል፣ ወረቀት ላይም ያትማል። ማንም ካልተጫነ የተሞላለት ሰዓት ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ፕሮግራሙን በአሴምብሊ ነበር የጻፍኩት፤ ማሽኑ በሚገባው ትእዛዝ፣ አንድ በአንድ። እንዴት እኮራበት እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሠራተኞቹ ቁልፉን እየደጋገሙ ሲደበድቡብኝ «አንዴ ብቻ ይጫኑ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአንዱ በርሜል ቡና ከልክ በላይ ደርቆ ተገኘ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ነው፤ ጥርስ ሲነካው እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ሽማግሌው ቁልፉን ተጭነው ወደ ሌላው በርሜል እንደሄዱ ተናገሩ። በሦስቱ ማራገቢያ ጩኸት ውስጥ አራተኛው ይቁም አይቁም አይታወቅም። ካድሬው ወረቀቱን አስመጣ። ቁልፍ ተጫነ የሚል የለበትም፤ «ጊዜው አልቋል» ብቻ ይላል።

«እህስ፣ ጓድ ቴክኒሽያን?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው «ወረቀቱ አይዋሽም» ያልኩት። ሽማግሌው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሲናደዱ ቃል ያጥራቸዋል። እኔን እያዩ «ተጭኛለሁ» አሉ። ካድሬው ደብተሩ ላይ «አሻጥር» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተጻፈ የሰውየው ነገር አለቀ ማለት ነው። ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ዓርብ ጠዋት መኪና ወደ ሚዛን ተፈሪ ይወስዳቸዋል ተባለ።

ረቡዕ በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ሚስታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። «እሱ ቡና አበላሽቶ አያውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄጄ ቁልፉን መጫን ጀመርኩ። በተጫንኩ ቁጥር ማሽኑ ሰምቶ ያትማል። ቀትር ሲሆን ጣቴ ዝሎ፣ ሽማግሌውን በሆዴ እየሰደብኩ ነበር። ከዚያ አንዴ ተጫንኩና ምንም አልመጣም። ወረቀቱ አልተንቀሳቀሰም። በአንድ ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎኝም ፈርቼም አላውቅም።

ሐሙስን የራሴን ፕሮግራም ሳነብ ዋልኩ። ምልክት ሲመጣ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ወደ አንድ አጭር ክፍል ይዘላል። እዚያ ብዙ መሥራት አደገኛ ነው፤ የተቋረጠው ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ ያ ክፍል እንደ ጨዋ ልጅ «አቤት» ብሎ ምልክት ያስቀምጥና ይመለሳል። ዋናው ፕሮግራም ደግሞ በየደቂቃው ይነቃል፣ የቆየ ምልክት ካለ ይሰርዛል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ «የጠራኝ አለ?» ብሎ ያያል። ከሌለ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ሲስተም ጠርቶ «አስተኛኝ፣ ምልክት ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ይላል፤ ተኝቶ ሳለ ምልክት ከቀሰቀሰው ምንም ሳይሰርዝ በቀጥታ አየሩን ይዘጋል። ችግሩ «የጠራኝ የለም» ባለበትና በተኛበት መካከል ነው። የዓይን ጥቅሻ የማታህል ክፍተት አለች። ምልክቱ እዚያች ላይ ከደረሰ «አቤት» ይባላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይቶ ስለጨረሰ ይተኛል። በደቂቃው ሲነቃም መጀመሪያ የሚያደርገው ያንኑ ምልክት መሰረዝ ነው። ሽማግሌው ተጭነዋል።

መድኃኒቱ ጥቂት ትእዛዝ ነበር። ምልክቱን የሚቀበለው ክፍል ፕሮግራሙ የት ላይ እንደተቋረጠ እንዲያይ አደረግሁ፤ በክፍተቷ ውስጥ ከሆነ ወደ እንቅልፉ ሳይሆን ወደኋላ፣ ወደ ጥያቄው ይመልሰዋል። ይህን ለካድሬ ማስረዳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለማሳያ አሮጌውን ፕሮግራም ወስጄ ክፍተቷን ምንም በማይሠሩ ትእዛዞች ሞላሁና በዓይን እስክትታይ አሰፋኋት።

ዓርብ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ካድሬውን ለምኜ ወደ ማድረቂያው ወሰድኩትና አሮጌውን ፕሮግራም አስነሳሁ።

«ይጫኑት፣ ጓድ።»

ተጫነ። ማራገቢያው አልቆመም፤ ወረቀቱም ዝም አለ። አዲሱን ፕሮግራም ጫንኩ፤ ክፍተቷን እዚያም አስፍቻት ነበር። እንደገና ተጫነ፣ ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። ካድሬው ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አሻጥር ነው?»

«ስህተት ነው።»

«ከአንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«እዚህ እርሻ ላይ የለም።»

ካድሬው «አሻጥር» ያለበትን ገጽ ከደብተሩ ቀዶ ኪሱ ከተተ፣ ሹፌሩንም ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዘው። እኔን ያዳነኝ እውነት መናገሬ አይደለም፤ የሚተካኝ ሰው መጥፋቱ ነው።

የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀብዬ ራሴ ከፈትኩ። ሽማግሌው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ክፍተቷ ነገርኳቸው፤ ማሽኑ ሊተኛ ሲል እንደተጫኑት፣ ስለዚህም እንዳልሰማቸው። እንደ ተማሪ አዳመጡኝ። ከዚያ ብድግ ብለው ልብሳቸውን አራገፉ።

«ማሽኑስ ይሁን፣ ተኝቶ ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን፣ ልጄ፣ ተጭኛለሁ ስልህ ነቅተህ ነበር።»

በሩን ይዤላቸው ቆምኩ።