የአራስ ቢላዋና የኖራ ክብ

ብረት የሚፈልግ ማሽን ይዞ እንጦጦ ላይ መዞር ማለት ቀኑን ሙሉ ስለ ወርቅ መጠየቅ ማለት ነው። ከባሕር ዛፉ መሃል ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳጎነብስ ያየኝ ሁሉ ቆም ይላል። «አገኘኸው?» ይለኛል። ምኑን እንደሆነ እንኳ አይጠራውም። ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ የሚባለውን ወርቅ ማለቱ ነው። እኔም ከኪሴ ቆርኪ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ደበቀኝ ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያገኘሁት ቆርኪ፣ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህና የአንዲት ሙሽራ ቀለበት ነው። ሙሽራዋ ፎቶ ስትነሳ ጥላው ስታለቅስ ደርሼ ፈልጌ ሰጠኋት። በሰፈሩ ስሜ የተነሳው በእሷ ነው።

ማሽኑ የአጎቴ ልጅ ንብረት ነበር። ወርቅ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እኔ ቤት አልጋ ሥር ወርውሮት ሄደ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ከግድግዳ ጋር የማወራበት ጊዜ ስለነበር አነሳሁት። ግን በሥርዓት ነው የያዝኩት። የመንግሥት መሬት ነው ማለት የማንም አይደለም ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ይጠየቃል። በማሽን እይ የተባለ ያያል እንጂ አይቆፍርም። የቆፈረ ይደፍናል። የጥንት የሚመስል ነገር ከተገኘ ለሚመለከተው ይሰጣል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ደግሞ ማሽኑን ጨርሶ አላበራም፤ እዚያ ሰው ተኝቷል። በዚህ ነገር ግትር ነኝ። ጓደኞቼ «መጣ ፈቃድ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እማማ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። ዕድሜያቸውን የኖሩት ቀበና ወንዝ ዳር ነው። ሰፈሩ ለመናፈሻ ሲነሳ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አንድ ቀን ሁለት ታክሲ ቀይረው እኔ ቤት መጡ። ውሃ ባቀርብላቸው አልነኩትም።

«ያ ማሽንህ ቢላዋ ያገኛል?» አሉኝ።

«ብረት ከሆነ ያገኛል። ምን ዓይነት ቢላዋ ነው እማማ?»

«የአራስነቴ ቢላዋ ነው።»

አራስ ሴት ብረት እንደማይለያት አውቃለሁ። ከትራሷ ሥር ቢላዋ ታኖራለች፣ ወደ ደጅ ብቅ ስትል እንኳ ይዛው ትወጣለች። ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል። እማማ ቀስ ብለው የቀረውን ነገሩኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ያን ጊዜ እንደሷ ያለች ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትቀበርም ተባለና ባለቤታቸው ከጓሮ፣ ከወይራው ሥር ቀበሯት።

«በጨለማ ብቻዋን እንዴት ታድራለች ብዬ ቢላዋዬን ከጎኗ አደረግሁላት» አሉኝ። «ከሷ በኋላ የወለድኳቸው እንኳ አያውቁም። አሁን ወይራው ተቆርጦ ጉቶው ነው የቀረው። ድንጋይ ሊያነጥፉበት ነው አሉ። ሰው እየረገጣት ልትኖር ነው።»

የንስሐ አባታቸው ራጉኤል አጥር ሥር አንዲት ቁራጭ ቦታ አስፈቅደውላቸዋል። የቀረው ልጅቷን ማንሳት ነው። ፈቃድ ሳንይዝ ግን ንክች አላደርግም አልኳቸው። ተስማሙ፤ አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ።

«ለቢሮዎቹ ልጅ ነች እንዳትል። ዕቃ ነው በላቸው። በዚህ ዕድሜዬ ማንም ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈልግም።»

እኔም ዕቃ ነው አልኩ። አንደኛው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፣ ሁለተኛው እዚያው ሥራው ቦታ ጨርስ አለኝ። በየደረስኩበት የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ምን ዕቃ? የቤት ዕቃ። ለቤት ዕቃ ይህን ሁሉ ማሽን? አዎ። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ማሽኑን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ ደሜን ያፈላው ነበር። ማሰሮ ሙሉ ወርቅ አለ ብዬ ብናገር እንኳ እንደዚያ አያምኑኝም ነበር።

የሥራው ፎርማን መልካም ሰው ነው። ለማየት ዛሬውኑ ግቡ፣ ለመቆፈር ግን የበላዮቼ እስኪፈርሙ ሰኞ ድረስ ጠብቁ አለን። እሺ ብለን ዓርብ ጠዋት ገባን።

ሌላ ጊዜ ማሽኑን የምይዘው ተራ ብረትን እንዳይቆጥር አድርጌ ነው። አለበለዚያ ሚስማሩ እየጮኸ ሌላው አይሰማም። የዚያን ቀን የምንፈልገው ብረት ስለሆነ ሁሉንም እንዲሰማ ለቀቅሁት። መሬቱ እሪ አለ። የፈረሰ ሰፈር አፈር ሚስማር ነው፤ ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ። እማማ ከኋላዬ እየተከተሉ፣ በጮኸ ቁጥር ማን ይኖርበት እንደነበር ይነግሩኛል። እዚህ ልብስ ሰፊው ነበር። እዚህ እነዚያ መንታ የወለዱት። ይሄ የጠላ ቤቷ በር ነው። ሜዳ ሆኖ ሳለ እሳቸው በበር በበሩ ነበር የሚያልፉት። ማዳመጫዬን ከጆሮዬ ዝቅ አድርጌ ለመስማት ፈለግሁ፣ ግን ጊዜ አልነበረንም።

ከጉቶው ወደ ወንዙ ትንሽ እንዳለፍን የተለየ ድምፅ መጣ። በአንድ በኩል ሳልፍበት ረዘም ይላል፣ አዙሬ ሳልፍበት ቅጥን ይላል። ሚስማር እንዲህ አይልም፤ ረጅምና ጠፍጣፋ ብረት ነው እንዲህ የሚለው። ማዳመጫውን አውልቄ እማማ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። ማሽኑን በላዩ ሳመላልሰው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ተንበርክከው መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳረፉ።

«በእጄ ልጫረው» አሉኝ።

«ሰኞ እማማ። የተፈቀደልን ለማየት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሁን» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀች ሰኞን አታጣም።»

ፎርማኑ ሠራተኞቹ ተሳስተው ድንጋይ እንዳያነጥፉበት ብሎ በቆርቆሮ ኖራ ይዞ መጣ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ቦታውን በነጭ ክብ ከበበው። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። አንዱ «ምንድን ነው እሱ?» አለ። «የእሳቸው ዕቃ ነው፣ እንዳትነኩ» አለው ፎርማኑ። «ምን ዕቃ?» ሲል የመለሰለት የለም። እኔም አልመለስኩም፤ ምያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኛ ከወጣን በኋላ ምን እንደተባለ አልሰማንም።

ሰኞ ጠዋት የተፈረመውን ፈቃድ ይዤ ቀበና ድልድይ ጋ ጠበቅኋቸው። እማማ የታጠበ ነጠላ ለብሰው፣ ሕፃን ለመጠቅለል የምትበቃ አዲስ አቡጀዲ በፌስታል ይዘው መጡ። አቡጀዲውን አሳዩኝ። ዳሩን ራሳቸው በእጃቸው ቀምቅመውታል።

ቦታው ስንደርስ ኖራው የለም። በቦታው ሰው ወገቡ ድረስ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። አፈሩ በግራና በቀኝ ተበትኗል፤ የሲጋራ ቁራጭ ወድቆበታል። ቢላዋው ከአፈሩ ክምር ላይ ተወርውሯል። ስለቱን ዝገት በልቶት የቅጠል ያህል ሳስቷል፤ የቀንድ እጀታው ግማሹ አለ። ለማንም አይረባም ብለው ጥለውታል። አጥንት የሚባል አይታይም። ያን ያህል ጊዜ መሬት ውስጥ የቆየ የሕፃን አጥንት ቀድሞም አፈር ሆኗል፤ ያንን አፈር ነው በአካፋ የበተኑት።

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ዘበኛው ላይ ጮህኩበት፣ ፎርማኑ ላይ ጮህኩበት። የተፈረመውን ወረቀት ፊታቸው ላይ አውለበለብኩ። ፈቃድ የጠየቅነው እኛ፣ የጠበቅነው እኛ፣ የከበባችሁላቸው ለሌቦች! ፎርማኑ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት ያያል፤ ሰውየው ከልቡ አዝኗል። ዘበኛው ግን ነገሩ አልገባውም።

«እኔ የቀን ነኝ ጋሼ» አለኝ። «ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ነው ሲባል ነበር። ወሰዱት እንዴ?»

እማማ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው ነበር። አቡጀዲውን ዘርግተው ከታች፣ ጠቆር ካለው በኩል አፈር በእፍኛቸው ያነሳሉ። በጣቶቻቸው እየፈተጉ ጠጠሩንና ሲጋራውን ይለቅማሉ። እንባ የለም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ሽማግሌ ሰው በሠራተኛ ፊት። ጩኸቴን ትቼ ተንበርክኬ ማገዝ ብጀምር እጄን በቀስታ ገፋ አደረጉት።

ሲበቃቸው ወደ ዘበኛው ቀና አሉ።

«መቼ ነው የቆፈሩት ልጄ?»

«ቅዳሜ ማታ ነው መሰለኝ እማማ። እሑድ ጠዋት ስገባ ተቆፍሮ አገኘሁት። ግን እኮ ወርቁን...»

እማማ ቢላዋውን ከአፈሩ ክምር ላይ አነሱ። በነጠላቸው ጫፍ ዝገቱን ጠረጉት። ስለቱ ሲጠረግ እየተቀረፈ ወደቀ።

«እንግዲያው ሁለት ሌሊት ያለ ብረት አድራለች» አሉ።

ቢላዋውን ከአፈሩ ጎን አስተኝተው አቡጀዲውን ቋጠሩት። እኔ ጉድጓዱን እስክደፍን ድረስ ታቅፈውት ተቀመጡ፤ ከዚያ ወደ ራጉኤል የሚወጣውን ታክሲ ያዝን።