ሁለተኛው ጉርሻ

ያቤጽን እሁድ እሁድ ቸርች መድረክ ላይ ብቻ ያየ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይገምትም። ሲዘምር ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው እየወረደ ነው። እኔ ግን ሚስቱን ትንሳኤን ስለማውቃት፣ እሱ ሲዘምር አሜን ማለት ካቃተኝ ቆይቷል።

ትንሳኤ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ኦዲተር ነበረች። እሱ ስፖንሰር አድርጓት ሜልበርን ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች። በተጣሉ ቁጥር ያቤጽ "አንዲት ኢሜይል ትበቃሻለች" ይላታል። ስፖንሰርነቴን አነሳለሁ፣ ወደ መጣሽበት ትመለሻለሽ ማለቱ ነው። እሷም ዝም ብላ የምትውጥ አይደለችም፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

የቋሚ መኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ ሊታይ ሲል ማመልከቻቸውን የያዘው ኤጀንት ፋይሉን አገላብጦ "ከሠርጋችሁ ወዲህ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ የለም፤ ኢሚግሬሽን ትዳራችሁ እውነት ነው ወይ ሲል ምን እናሳያለን?" አላቸው። ከየት ይምጣ? እሱ የሌሊት ሺፍት፣ እሷ የቀን፤ ሲገናኙ ደግሞ ጠብ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከተማውን እየዞሩ ፎቶ እንዲነሱ ተወሰነ። ሹፌሯም ፎቶ አንሺዋም እኔ፣ እየሩ፣ ሆንኩ። ዌስት ፉትስክሬይ ካለው ቤታቸው ሲወጡ እሷ ሦስት ቀሚስ፣ እሱ ሦስት ሸሚዝ በፌስታል ይዘዋል፤ የተለያየ ቀን እንዲመስል። ነገሩ አላማረኝም፤ ግን ለእሷ ስል እሺ አልኩ።

ቀኑ ፀሐይ በፀሐይ ነበር። ዶክላንድስ የጀልባ ማረፊያው ጋ መኪናውን ፓርክ አደረግሁና ጀልባዎቹ ፊት አቆምኳቸው።

"ጠጋ በሉ እንጂ።"

"ሽቶሽ ራሴን አመመኝ" አላት ያቤጽ፣ ፈገግታውን ሳይፈታ።

"አፍንጫህን ያዛ! እጅህንም ከወገቤ ላላ አድርገው፣ በሬ የምትጎትት መሰልክ።"

"ሳቁ!" አልኩ። ሳቁ። ሰው እየተጠላላ እንደዚያ አምሮበት መሳቅ መቻሉ አስፈራኝ።

መኪናው ውስጥ ልብስ ቀይረው ሴንት ኪልዳ እስክንደርስ ሲነታረኩ ሄዱ። ባንክ ቤት ነበርኩ እያልሽ ትንቂኛለሽ ይላል፤ ለመናቅማ ባንክ መሥራት አያስፈልግም ትላለች። ባሕሩ ዳር ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቆም ብላ "እንዴት ታምራላችሁ!" አለቻቸው። ያቤጽ አመስግኖ የትንሳኤን ግንባር ሳመ። ሴትዮዋ ዘወር ስትል ትንሳኤ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች።

ዊልያምስታውን ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዓሣና ቺፕስ ገዝተን ወደቡ ዳር ተቀመጥን። ጥፋቴን ያጠፋሁት እዚህ ነው።

"ተጎራረሱ" አልኳቸው። "ጉርሻ የሌለበት የሐበሻ ትዳር ማን ያምናል?"

ለኢሚግሬሽን ብዬ አልነበረም። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ ቢያጎርሳት ምናልባት ልባቸው ይለዝብ ይሆናል አልኩ። ሞኝ ነኝ።

ያቤጽ ከዓሣው ቆረሰና አጎረሳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እዚህ አገር ከመጣች አንድም ቀን አጉርሷት እንደማያውቅ በኋላ ነው የነገረችኝ። ፎቶውን አነሳሁ። እሷ አላምጣ ዋጠችና አፏን እንደገና ከፍታ ጠበቀች። እሱ እጁን በሶፍት እየጠረገ ነበር።

"ሁለተኛውስ?" አለችው። ቀኑን ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ስድብ የለበትም።

"የምን ሁለተኛ? ፎቶው ተነስቷል አይደል እንዴ?"

"ያቤጽ፣ አንድ ብቻ እኮ አይጎረስም።"

"ኧረ ባክሽ! ለፎቶ አንድ ይበቃል። ወይስ ኢሜይሉን ልጻፈው?" ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ተው እንጂ፣ አንዷን ጨምርላት" አልኩት። ሳቀብኝ።

ትንሳኤ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። "ስልክሽን ስጪኝ።"

ሰጠኋት። የዶክላንድሱን አጠፋች። የሴንት ኪልዳውን አጠፋች። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ሂሳብ እንደምታጣራ።

"አብደሻል?" ያቤጽ ተነሳ። "የምትባረሪው እኮ አንቺ ነሽ! እኔ ዜጋ ነኝ!"

"አውቃለሁ።"

ሠላሳ ምናምን ፎቶ ጠፍቶ የጉርሻው ብቻ ቀረ።

"እሱንስ ለምን ተውሽው?" አላት በንቀት።

ስልኩን መለሰችልኝና ፌስታሏን አነሳች። "ትዳራችሁ እውነት ነው ወይ ነው ያሉት። ይኸው እውነቱ፤ አንድ ብቻ አጎረስከኝ።"