አባ ኮዳ ያለ መነጽር

የሥዕል ተማሪዬ የመሳያ ከሰሉን ወረቀቱ ላይ ሲያፋጭ ድምፁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደነበረው የአባቴ ዓሣ መሸጫ መለሰኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠብቀውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ላባ በላባ ስዬ ለአባቴ በኩራት ሰጠሁት። መነጽሩን አውልቆ አየና፣ “ወፉ የታለ?” አለኝ።

ዐይኔ እንባ አቀረረ።

“ያለ መነጽር ላባ አይታየኝም። ወፉን ሳየው የሚታየኝ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነው፤ እሱን አምጪልኝ።”

ነገሩ በደንብ ባይገባኝም በንዴት ክንፉንም ጀርባውንም አንድ ላይ አጠቆርኩት። ደረቱን ነጭ ተውኩት።

አባቴ እንደገና አየው። ዓሣውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ “መጣ፤ ሊሰርቀኝ ነው” አለ።

“ጨረስኩ፣ ቲቸር” አለ ተማሪዬ።

መነጽሬን አወለቅሁ።