የባዝራ ጭራ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እንጅባራ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ የማሲንቆዬ ጭራ ተማሪዎቼ ፊት ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ አዲስ ጭራ ከላስቲኩ ሳወጣ ግን የፈረስ ላብና የእርጥብ ሣር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሳቄም እዚያው ቀረ።

ልንገርህ። አባቴ ዳንግላ ላይ ባለ ጋሪ ነበር። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ገበያተኛውን ከነጤፉ ከነዶሮው ያመላልስ ነበር። ከእኛ ጋር አማርኛ ይቀላቅላል፤ ለፈረሱ ግን ንጹሕ አዊኛ ነው የሚናገረው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙዚቃ ስመርጥ ጎረቤቱ ሁሉ «መሐንዲስ ይሆናል ስንል አዝማሪ ሆኖ አረፈው» እያለ አማን። አባቴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጭራውን እኔ አዘጋጅለታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው አደረገው። ከገዛ ፈረሱ ጭራ ይቆርጥና በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲደርቅ የእህቴን ማበጠሪያ ይሰርቅና ያበጥረዋል፤ እሷ ግቢውን በጩኸት ትሞላዋለች፤ እሱ ሳይሰማ በቀይ ክር ያስረዋል። «ከባዝራ እንዳትቀበል» ይለኝ ነበር። «የሴት ፈረስ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል።»

ትምህርታችን አንድ ዓመት ባሕር ማዶ የሚያስኬድ ነበር፤ ለእኔ ኖርዌይ ደረሰኝ። አባቴ መናኸሪያ ድረስ በጋሪው አደረሰኝና አንድ እስር ጭራ እጄ ላይ አኖረ። «ሲያልቅ ንገረኝ» ብሎ ጋሪውን አዞረ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ይጠብቀው ነበር።

እዚያ አገር በክረምት ከምሳ በኋላ ይጨልማል። የክፍሌ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀው ስለነበር ጭራው ቶሎ ቶሎ አለቀብኝ። ከገና በኋላ ደግሞ አባቴ ከስልክ ጠፋ። የምታነሣው እህቴ ናት። አንዴ «ዘንገና ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች፤ አንዴ «ጉሮሮውን ይዞት ድምፁ አይወጣም» ትለኛለች። አመንኋት። ዘንገና በኩል ስልክ እንደሚያስቸግር እኔም አውቃለሁ። ውሸቱን የሠሩት በማውቀው ነገር ነበር።

ጭራ ላኩልኝ አልኋቸው፤ በመንገደኛ ተላከልኝ። ቀይ ክር የለው፣ በፌስታል ቁራጭ ታስሯል፤ አልተበጠረም፤ ገለባ አለበት። ገና ስቃኘው ይበጠሳል። ወዲያው ገባኝና ደወልሁ። «አባባን ንገሪው፤ አርጅቷል መሰለኝ፣ ባዝራና ወንድ መለየት አቃተው» አልኋት። ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር፣ መጨረሻው ሳል ሆነ። «እነግረዋለሁ» አለች።

በዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የራሴን ዜማ ተጫወትሁ። ከጋሪው ፈረስ ኮቴና ከአባቴ አዊኛ የሠራሁት ነበር። ተነሥቶ ያጨበጨበ ሰው ነበር። ቀረጻውን በዚያው ቀን ለእህቴ ላክሁላት።

«ሰማው?» አልኋት።

«ሰማው። ደስ ብሎት፣ እስቲ ድገሚልኝ አለ።»

እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ይህቺ ቃል ናት። ሌላውን ሁሉ ዘመድ መክሮ ያዘዛት ነው። ይህቺን ግን ራሷ ጨመረቻት።

ስመለስ አጎቴ ባሕር ዳር ተቀብሎኝ «ደክሞሃል፣ ነገ እንሄዳለን» ብሎ አሳደረኝ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለተማሪማ ጭራሽ። ተናጋሪው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ገና አፉን ሳይከፍት መርዶውን ሰማሁት።

አባቴ የሞተው ከገና በኋላ ነበር። ተዝካሩም ወጥቶ አልቋል። ዳንግላ ስደርስ ጎረቤቱ ለእኔ ሲል እንደገና አለቀሰ፤ ግን ልቅሶውን ከጨረሰው ቆይቷል፤ ቀትር ላይ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ሁሉም በጋራ ያለቀሰውን እኔ ብቻዬን ጀመርሁት።

«ብነግርህ ትምህርትህን ጥለህ ትመጣ ነበር» አለች እህቴ።

«አዎ፣ እመጣ ነበር።»

«አባባ ይህን አይፈልግም።»

«ጠይቀሽው ነበር?»

 ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቅልጥሟ ላይ ያለ ጠባሳ አሳየችኝ። ፈረሱን ሌላ ሰው ወስዶት ስለነበር ጭራውን የቆረጠችው ከጎረቤት ባዝራ ነው፤ ባዝራዋ ረግጣታለች። «እንዴት እንደሚያጥበው አላውቅም» አለችኝ። «እኔ የማየው ማበጠሪያዬን ሲወስድ ብቻ ነበር።»

ዲግሪዬን ይዣለሁ። ባሕር ማዶ የተማረ መምህር ይሉኛል። እህቴን ግን ይቅር አላልኋትም፤ ብያታለሁ ብልህ ውሸት ነው። እሷ ደግሞ ሳልጠይቃት ከዳንግላ በሚኒባስ ጭራ ትልክልኛለች፣ ያው በፌስታል አስራ። ትናንት ከላስቲኩ ያወጣሁትም የእሷ ነው። አሁንም የባዝራ ነው፤ በእጄ ስዳብሰው አወቅሁት። ግን ገለባ የለበትም። ልፈትለው ስዘረጋው ከመሐሉ የተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ ወደቀ።

ጥርሱን አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት። ጭራውንም ቶሎ እንደሚበጠስ እያወቅሁ ፈተልሁት።