እማዬ የተሳለመችው በር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡30፣ ዋይሊ

ጎህ ሲቀድ በመኪና ከቤታችን ተነሳን። መድረሻችን ከዳላስ በስተደቡብ ያለችው ዋክሳሃቺ፣ የጥንት የእንጨት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ከተማ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ከፊት፣ እዚህ ያደገችው ልጄ ሐና ከኋላ። ለእማዬ ዳቦ በቋሊማ አቀበልኳት።

«ደጅ ሳልሳለም እህል አልቀምስም» አለች።

እኔ፣ ፍርሃት በዚህ አገር በችርቻሮ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት፣ የመኪናውን በሮች ሁለቴ ቆለፍኩ።

1፡50፣ ዋክሳሃቺ

የከተማዋ ሙዚየሞች ገና አልተከፈቱም። የቤቶቹ በረንዳዎች እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከየበሩ ግን አንዲት የካሜራ ዓይን ታየናለች።

ከጥግ ላይ ነጭ ሕንፃ፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ባለ ቀለም መስኮት። ፓርክ ሳደርግ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወርዳለች። ደረጃውን ወጥታ ሦስቴ ሰገደች፤ መቃኑን ሳመች፤ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ጸሎት ጀመረች።

«አባዬ» አለች ሐና ስልኳን እያየች። «ይሄ ቸርች አይደለም! ማለቴ፣ ድሮ ነበር። ሰው ገዝቶት ይኖርበታል። ኮል አድርጋት!»

«ስልኳ እዚህ ነው።»

«ሶ ሂድ!»

ከመኪናው አልወረድኩም። በቴክሳስ የማያውቁት ሰው በር ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

በሩ ተከፈተ። ፒጃማ የለበሰ ሽማግሌ፣ ቀኝ እጁ ከጀርባው። እማዬ ቄሱ መስሏት፣ ጎንበስ ብላ ወደ ተደበቀው እጅ ተጠጋች፤ መስቀል ልትሳለም። ሐና ጮኸች። እኔ ቀበቶዬን እንኳ አልፈታሁም።

ሰውየው እማዬን አያት፤ ነጠላዋን አየ። ከጀርባው የደበቀውን ሽጉጥ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረና ባዶ እጁን ሰጣት። ሳመችው።

በመመለሻው መንገድ ሐና አላስቻላትም። «አያቴ፣ እሱ እኮ የሰው ቤት ነበር።»

«ቤቱ ቢሸጥ ደጁ መች ተሸጠ?» አለች እማዬ፣ ዳቦዋን እየገመጠች።

5፡00፣ ዋይሊ

ቀድሜ ገብቼ እንደ ልማዴ በሩን ቆለፍኩ። በሩን ተደግፌ ሳለሁ ደወሉ ጮኸ። ስልኬ ላይ ካሜራውን ከፈትኩት። እማዬና ሐና ደጅ ቆመዋል።

«ክፈት እንጂ ልጄ» አለች እናቴ፣ ወደ ካሜራው ተጠግታ። «ያ ሰውዬ እንኳ መሣሪያውን አስቀምጦ ተቀብሎኛል።»