ሦስት ሰባት

ቁልፌ ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ወንድሞቿ ያወጡላት ማላገጫ ነው። ስምንት ሰው በሚያድርበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስታድግ አንድ የተመኘችው ነገር ቢኖር የሚቆለፍ መሳቢያ ነበር። ገና ልጅ እግር ሳለች ለራሷ የጻፈችውን የፍቅር ግጥም ታላቅ ወንድሟ ከፍራሽ ሥር አግኝቶ እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ዛሬ የምሳ ዕቃዋን ሳይቀር ትቆልፋለች ብለው ያሟታል። ሐሜቱ ውሸት የለበትም።

የምትሠራው በአጎቷ ማተሚያ ቤት ነው። ደንበኞች የሚታተምላቸውን ፋይል በድረ ገጹ ይልካሉ፣ እሷ ተቀብላ ለህትመት ታዘጋጃለች። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጥገናውም በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሴትዮ መጡ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እናንተ ጋ የላክሁትን የፍቺ ውሳኔ ጎረቤቶቼ በስልካቸው እያነበቡት ነው። ባሌ ያደረገኝ ሁሉ ተጽፎበታል። ማን ማን አየው?»

ቁልፌ ክው አለች። የፋይሎቹን አድራሻ ያለ ምንም የይለፍ ቃል ስትጽፈው ፋይሎቹ የሚከማቹበት ፎልደር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የሰው መታወቂያ፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ውጤት። ያች የጥንቷ እራት ትዝ አለቻትና ዕንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ቀደመው።

«ማን እንዳየው አላውቅም፣ እትዬ» አለች። «ዛሬ ግን እዘጋዋለሁ።»

ድረ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ የፎልደር ፈቃድ በሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለባልደረቦቹ፣ አንዱ ለሌላው ሁሉ። ሰባት ማለት ማንበብም፣ መጻፍም፣ ፕሮግራም ማስኬድም ይቻላል ማለት ነው። ይኸኛው ፎልደር ሦስት ሰባት ተሸክሟል። የቀድሞው ባለሙያ አንድ ቀን ፋይል አልገባ ብሎ ሲያስቸግረው «ለጊዜው» ብሎ ከፍቶት፣ ያ «ለጊዜው» ዓመታት ከርሟል። ይባስ ብሎ ፎቶ የሚመስል ስም ያለው አንድ ፋይል ተሰግስጎ አገኘች፤ ውስጡ ፎቶ ሳይሆን ሰርጎ ገብ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ማን እንዳስቀመጠው እግዜር ይወቀው። ነቅላ ጣለችው፤ ፎልደሩንም ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

አጥብቃ ስለዘጋችው ግን ለደንበኞችም ተዘጋ። ስልኩ ይጮህ ጀመር። አጎቷ ብድግ ብለው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬን ልትበትኚው ነው? እንደነበረው ክፈቺው!»

«አልከፍትም፣ ጋሼ።»

«ሴትዮዋ እንደሆነ አንዴ ተነቦባቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!»

«ጅቡ መንገዱን ለምዷል፤ ነገም ይመጣል።»

«እስከ ማታ ካልሠራ ራሴ አስከፍተዋለሁ።»

አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንበኛ ከደጃቸው ሲመለስ ማየት ነው የማይሆንላቸው። እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች ወይ ፍንክች።

ምሳዋን ሳትቀምስ ስትፈትሽ ዋለች። ቀኑ ዘወር ሲል ነገሩ ተገለጠላት። ፎልደሩ አሁንም በዚያ በሄደው ባለሙያ ስም ነው፤ ድረ ገጹ የሚሠራበት መለያ፣ አካውንቱ፣ ለገዛ ፎልደሩ እንደ ባዳ ይታያል። ሰውየው ባለቤቱን መቀየር ሲገባው ለዓለም ሁሉ ከፈተው! ብቻዋን ሳቀች፤ በብስጭት።

ፎልደሩን ለሕዝብ ከሚታየው ቦታ አውጥታ ለድረ ገጹ መለያ አስረከበችው። እሱ ይጽፋል፤ ለህትመት የሚያዘጋጀው ሰው ያነባል፤ ሌላው ምንም። ፋይሎቹ ይቀመጣሉ እንጂ እንደ ፕሮግራም አይሠሩም። ከዚያ ራሷ ጉዳት የሌለው ትንሽ ፕሮግራም ሠርታ፣ የፎቶ ስም ሰጥታ ላከችው። ገባ፤ ልታስኬደው ብትሞክር ግን አልነሣ አለ።

አጎቷ ከመሄዳቸው በፊት በገዛ ስልካቸው አንድ ፋይል ላኩና ሲደርስ ፊታቸው ፈታ አለ። ቀጥለው ፎልደሩን ሊከፍቱ ሞከሩ።

«ፈቃድ የለህም ይለኛል እኮ! እኔን? የቤቱን ባለቤት?»

«ለእርስዎም የለም፣ ጋሼ።»

እያጉረመረሙ ወጡ፤ ዳግመኛ ግን ክፈቺው አላሉም።

ልብስ ሰፊዋ ለረጅም ጊዜ ጠፉ። ቁልፌ በደጃቸው ባለፈች ቁጥር የስፌት መኪናውን ድምፅ እየሰማች አንገቷን ትደፋ ነበር። አንድ ቀን ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ብቅ አሉ። ባልየው ይግባኝ ብሏል፤ ጠበቃቸው የላከላቸው መልስ ታትሞ ፍርድ ቤት መግባት አለበት።

«ዘግተሽዋል?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እኔን አይመኑኝ፤ ይሞክሩት» ብላ የድሮውን አድራሻ ጻፈችላቸው።

ሞከሩ። እምቢ አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም እምቢ።

«ስለዚህ ይህን አንድም ሰው አያየውም?»

አዎ ብትላቸው ይቀላት ነበር።

«አንድ ሰው ያየዋል፣ እትዬ። ለህትመት የሚያዘጋጀው።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ቁልፌም አልሸሸቻቸውም። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ «ላክ» የሚለውን ተጫኑ።