መቶ አሥር ሜትር

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ኮሮናው ረገብ ሲል ቬጋስ አየር ማረፊያ ዊልቸር ወደ መግፋቱ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ደረሱኝ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እኔም ሯጭ ነበርኩ! በመሰናክል ሩጫ ያገሬ ሻምፒዮን!» አሉኝ።

«ስንት ሜትር?»

«መቶ አሥር።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኛ አገር አሥር ሺህ ካልሆነ ማን ሩጫ ይለዋል? መቶ አሥር ሜትርማ ታክሲ እንዳያመልጠን የምንሮጠው ነው። ሰውየው ግን አልተቀየሙኝም። ለእነዚያ አሥር መሰናክሎች አሥራ ሁለት ዓመት እንደለፉ፣ ለመጀመሪያው መሰናክል በየትኛው እግር እንደሚነሱ ብቻ ሲለማመዱ አንድ ክረምት ሙሉ እንዳለቀ አወሩልኝ። እኔ በሆዴ «ምነው ትንሽ ቢያስረዝሙት» እያልኩ አዘንኩላቸው።

ይህን እያወራን የሚሳፈሩበት ጌት ተቀየረ፤ አዲሱ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው።

«አይዞዎት፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ነዎት!» ብዬ ወንበሩን ይዤ ፈተለክኩ።

አየር ማረፊያው ውስጥ የተደረደሩትን የቁማር ማሽኖች እንኳን ሳላልፍ ጎኔን ወጋኝ። ቆሜ አለከለክኩ። በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዴን አመመኝ እያልኩ ጥላ ሥር የኖርኩት እኔው ራሴ ትዝ አልኩኝ።

«ማስኩ ነው» አልኩ።

እሳቸውም ማስክ አድርገዋል። አንገታቸውን መለስ አድርገው የመጣንበትን መንገድ በዓይናቸው ለኩት።

«ስልሳ ሜትር አይሞላም» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «መሰናክልም አልነበረውም።»